ኦክስጅንን በ760 ናኖ ሜትር ሌዘር መለካት፦ ጅማ ላይ ለሚሠራ ሰው ዝርዝር መመሪያ

ንጹህ አየር ለዓይን ቀለም የለውም። የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትነው ቀዩ ጫፍ ላይ፣ ዓይን ማየት ሊያቆም በተቃረበበት ቦታ ቢመለከቱ ግን አንድ ጥቁር ቁራጭ ያገኛሉ። ጀርመናዊው ፍራውንሆፈር እ.ኤ.አ. በ1814 ገደማ የፀሐይን ጥቁር መስመሮች በፊደል ሲሰይም ይህኛውን «ኤ» አለው። ጥቁረቱ ከፀሐይ የመጣ አይደለም፤ ብርሃኑ ወደ ምድር ሲወርድ በአየራችን ውስጥ ያለው ኦክስጅን የቀነሰው ነው። ዛሬም «ኤ ባንድ» ይባላል። ከ759 እስከ 771 ናኖ ሜትር ድረስ ይዘረጋል፤ ውስጡ በቀጫጭን መስመሮች የተሞላ ነው። ከእነዚህ አንዱን መርጦ በሌዘር መለካት ለአንድ ጠንቃቃ ተማሪ የሚከብድ አይደለም።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ በዚህ ሥራ ሌዘሩ ቀላሉ ነገር ነው። ልኬትን የሚያበላሹት ሁለት ሌሎች ነገሮች ናቸው፤ መለካት ያልፈለጉት ኦክስጅንና ከመስታወት ገጽ የሚመለስ ነጸብራቅ። ስለዚህ በእነዚህ ላይ እቆያለሁ፤ ሌላውን ቶሎ ቶሎ አልፋለሁ።

ምን ያህል ትንሽ ነገር ነው የምንለካው?

የኦክስጅን ሞለኪውል ሁለት ያልተጣመሩ ኤሌክትሮኖች አሉት፤ ስፒናቸውም (እንደ ትንሽ ማግኔት የሚያደርጋቸው ባሕርይ) ወደ አንድ አቅጣጫ ነው። የ760 ናኖ ሜትር ብርሃን ሞለኪውሉን ከፍ ወዳለ ደረጃ ሲያነሳው አንደኛው ስፒን መገልበጥ አለበት። ይህ በተለመደው የኤሌክትሪክ ዳይፖል ሕግ ክልክል ነው፤ የሚፈጸመው በማግኔታዊ ዳይፖል (በብርሃኑ ማግኔታዊ መስክ) በኩል፣ እጅግ በስሱ ነው። ስለዚህ ከጠንካራዎቹ መስመሮች መካከል የሚቆጠር መስመር እንኳ ጥንካሬው ወደ 8 × 10⁻²⁴ ሳንቲ ሜትር በሞለኪውል ነው።

ይህን ወደ ጅማ ቁጥር እንለውጠው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,750 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት 820 ሄክቶ ፓስካል አካባቢ ነው። በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ በአንድ ኩብ ሳንቲ ሜትር አየር ውስጥ 4.2 × 10¹⁸ ያህል የኦክስጅን ሞለኪውል አለ። ከዚህ ተነስተው ሲያሰሉ፣ አንድ ሜትር አየር የሚያቋርጥ ብርሃን በመስመሩ መካከል ላይ የሚያጣው 2.4 በመቶ ገደማ ይሆናል። ይህን ቁጥር ግድግዳ ላይ ይለጥፉት፤ ከዚህ በኋላ ያለው ስሌት ሁሉ ከእሱ ጋር ይነጻጸራል።

ጅቡቲ ወደብ ላይ ቢለኩ ጥልቀቱ ብዙም አይለይም። እዚያ ሞለኪውሉ ይበዛል፤ ግን ግፊቱ መስመሩን ስለሚያሰፋው የተጨመረው ምጠጣ ወደ ጎን ይበተናል። በከፍታ የሚቀንሰው የመስመሩ ስፋተ መጠን፣ ማለትም ከመስመሩ በታች ያለው ጠቅላላ ቦታ ነው። ይህ ልዩነት መጨረሻ ላይ ወሳኝ ይሆናል።

ደረጃ 1፦ መስመር መምረጥ

ሂትራን ከሚባለው ነጻ የመስመሮች መዝገብ የኤ ባንድን ሰንጠረዥ ያውርዱ። መስመሮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ይታያሉ። ለጀማሪ የምመክረው በ763.84 ናኖ ሜትር ላይ ያለውን ነው፤ ጓደኛው በ763.73 ላይ ይገኛል። በመካከላቸው ያለው 0.11 ናኖ ሜትር ርቀት በኋላ እንደ ማስመሪያ ያገለግላል። በአካባቢው የውሃ ትነት ጉልህ መስመር ስለሌለው የክረምቱ እርጥበት ልኬቱን አያዛባም።

አንድ ወጥመድ አለ። መዝገቡ የሚሰጠው ቁጥር በባዶ ሕዋ ላለ ብርሃን ነው። አንዳንድ የሌዘር ሻጮችና አንዳንድ መለኪያዎች ግን በአየር ውስጥ ያለውን የሞገድ ርዝመት ይጽፋሉ፤ ልዩነቱ 0.2 ናኖ ሜትር ያህል ስለሆነ ከጥንዶቹ ርቀት ይበልጣል። ሌዘር ከማዘዝዎ በፊት የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ።

ክፍልዎ ከጠዋት እስከ ቀትር ሙቀቱ የሚለዋወጥ ከሆነ ሌላ ምርጫ አለ። የ763.84ቱ መስመር በቋሚ ግፊት አንድ ዲግሪ ሙቀት ሲጨምር ስፋተ መጠኑ 0.46 በመቶ ያህል ይወርዳል። ሙቀቱን ካላረሙ የአየሩ 20.95 በመቶ ኦክስጅን በየዲግሪው በ0.1 ነጥብ ይሳሳታል ማለት ነው። በ765.7 ናኖ ሜትር አካባቢ የሚገኘው፣ የመዞር ቁጥሩ (ሞለኪውሉ የሚሽከረከርበት ደረጃ) 17 የሆነ መስመር ግን በክፍል ሙቀት አካባቢ ለውጡ ከዚህ አንድ ዘጠነኛ ገደማ ነው። ዋጋው ጥንካሬው ከግማሽ በታች መውረዱ ነው። የሙቀት መቆጣጠሪያ ለሌለው ክፍል እኔ ደካማውን መስመር እመርጣለሁ፤ የደከመ ሲግናልን በትዕግሥት ማጠናከር ይቻላል፤ የማይታወቅ ሙቀትን ግን በትዕግሥት ማወቅ አይቻልም።

ደረጃ 2፦ ሌዘሩና ሙቀቱ

ሁለት ዓይነት ትንሽ የሴሚኮንዳክተር ሌዘር ይገኛል፦ ቪክሰል (ብርሃኑ ከቺፑ ገጽ የሚወጣ) እና ዲ ኤፍ ቢ (ብርሃኑ ከቺፑ ጠርዝ የሚወጣ)። ለዚህ ሥራ ቪክሰል ይበቃል። በጥቂት ሚሊ አምፔር ይሠራል፤ ኃይሉ ከአንድ ሚሊ ዋት በታች ነው፤ ከረንቱን ሲለውጡም ሰፊ ክልል ይቃኛል። ዲ ኤፍ ቢ የበለጠ ኃይልና ጠባብ መስመር ይሰጣል፤ ዋጋውም እንዲሁ።

የሁለቱም የሞገድ ርዝመት በአንድ ዲግሪ ሙቀት 0.06 ናኖ ሜትር ያህል ይንቀሳቀሳል። የኦክስጅኑ መስመር በጅማ ግፊት 2.7 ጊጋ ኸርዝ ወይም 0.005 ናኖ ሜትር ገደማ ነው ስፋቱ። እንግዲህ የአንድ ዲግሪ አንድ አሥረኛ መንሸራተት ብቻ ከመስመሩ ላይ ሙሉ በሙሉ ያስወጣዎታል። ስለዚህ 10 ኪሎ ኦም ቴርሚስተር (የሙቀት መለኪያ) እና ፔልቲየር (በከረንት የሚያቀዘቅዝና የሚያሞቅ) ያለው፣ ሙቀትን በሺኛ ዲግሪ ደረጃ የሚይዝ መቆጣጠሪያ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ገንዘብ አይቆጥቡ።

ሌዘሩን ከ20 ዲግሪ በታች እንዲቀዘቅዝ አያድርጉት። በሐምሌና በነሐሴ የጅማ አየር በእርጥበት የተሞላ ስለሆነ፣ የቀዘቀዘ መስኮት ላይ ጤዛ ይቋጠራል። የመረጡት መስመር በ15 ዲግሪ የሚገኝበት ሌዘር ከተላከልዎ መልሰው በ25 የሚደርስበትን ይጠይቁ።

የከረንት መስጫውን ከመኪና ባትሪ ያገናኙት። ከግድግዳ የሚመጣው መብራት 50 ኸርዝ ሁከት ይዞ ይመጣል፤ ሄዶ ሲመለስ የሚፈጥረው ድንገተኛ ዝላይም ቪክሰልን በቅጽበት ይገድላል። እጅዎንም በመሬት ሽቦ ሳያገናኙ ሌዘሩን አይንኩ።

ስለ ዓይን አንድ ነገር፦ 760 ናኖ ሜትር ለዓይን በጣም ደብዛዛ ቀይ ሆኖ ይታያል። ድብዝዝነቱ ያታልላል፤ ወደ ሬቲና የሚደርሰው ኃይል ከሚታየው እጅግ ይበልጣል፤ ዓይንም ደንግጦ አይከደንም። ጨረሩን በዓይን አይፈልጉ፤ በስልክ ካሜራና በወረቀት ይፈልጉት። ቀለበትና ሰዓት ያውልቁ።

ደረጃ 3፦ ያልተፈለገውን ኦክስጅን ማስወጣት

ሚቴን ወይም አሞኒያ የሚለካ ሰው ይህ ችግር የለበትም። ኦክስጅን ግን ከሌዘሩ አንስቶ እስከ ፎቶዳዮዱ (ብርሃኑን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው መቀበያ) ድረስ በየቦታው አለ። አንድ ሜትር ርዝመት ባለው ቱቦ ውስጥ ናሙና ያስገቡ እንበል። ከሌዘሩ እስከ ቱቦው 6 ሳንቲ ሜትር፣ ከቱቦው እስከ ፎቶዳዮዱ 4 ሳንቲ ሜትር ክፍት አየር ካለ፣ ያ 10 ሳንቲ ሜትር በቱቦው ውስጥ 2.1 በመቶ ኦክስጅን እንዳለ ያህል ያስመስላል። ናሙናዎ ውስጥ ያለው 1 በመቶ ከሆነ የሚለኩት ከናሙናው ይልቅ የክፍሉን አየር ነው።

መፍትሔው ቀላል ቢሆንም ሥራ ይጠይቃል። ሌዘሩንና ፎቶዳዮዱን ቱቦው ጫፍ ላይ በሚገጠሙ ትንንሽ ሳጥኖች ውስጥ ያስገቡና ናይትሮጅን ያለማቋረጥ ያሳልፉባቸው። የማጽጃው ቱቦ መዳብ ወይም ናይለን ይሁን። ሲሊኮን ጎማ ለኦክስጅን እንደ ወንፊት ነው፤ ሲሊንደሩ ውስጥ ንጹህ የነበረው ናይትሮጅን ሳጥኑ ሲደርስ ንጹህ አይደለም።

ምን ያህል ጊዜ ያጽዱ? 2.5 ሳንቲ ሜትር የውስጥ ስፋትና አንድ ሜትር ርዝመት ያለው ቱቦ ግማሽ ሊትር ገደማ ይይዛል። በደቂቃ አንድ ሊትር ናይትሮጅን ቢያሳልፉ በየግማሽ ደቂቃው አንድ ሙሉ ይዘት ይገባል። አምስት ይዘት ካለፈ በኋላ የቀረው ኦክስጅን 0.14 በመቶ ገደማ ነው፤ አሥር ካለፈ በኋላ 0.001 በመቶ። ስለዚህ አምስት ደቂቃ ይጠብቁ። መስኮት ይክፈቱ፤ በተዘጋ ጠባብ ክፍል ውስጥ የሚለቀቅ ናይትሮጅን ሰውን ሳያስጠነቅቅ ራሱን ያስታል።

የማይወጣም አለ። በሌዘሩና በፎቶዳዮዱ የብረት ቆብ ውስጥ የታሸገ አየር ሊኖር ይችላል፤ 5 ሚሊ ሜትር አየር 0.1 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሁሉንም ነገር በናይትሮጅን ሞልተው የሚያገኙት ቀሪ ሲግናል ይህ ነው። ይመዝግቡት፤ ከእያንዳንዱ ልኬት ይቀነሳል።

ደረጃ 4፦ ነጸብራቅን መግደል

አሁን ወደ ዋናው ጠላት። ያልተቀባ መስታወት በእያንዳንዱ ገጹ 4 በመቶ ብርሃን ይመልሳል። ሁለት እንዲህ ያሉ ገጾች ትይዩ ሆነው ሲቆሙ፣ ሁለት ጊዜ የተንጸባረቀው ብርሃን ቀጥታ ካለፈው ጋር ይገናኛል፤ የሌዘሩ የሞገድ ርዝመት ሲለወጥ አንዴ ይደማመራሉ አንዴ ይቀናነሳሉ። የሚፈጠረው ሞገድ ከፍና ዝቅ እስከ 8 በመቶ ይደርሳል። የሚፈልጉት መስመር 2.4 በመቶ ነው። ጠላትዎ ከሦስት እጥፍ በላይ ይበልጥዎታል ማለት ነው።

ከሁሉም የሚከፋው 5.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ተራርቀው በአየር ውስጥ የቆሙ ሁለት ገጾች ናቸው። የሚፈጥሩት ሞገድ 2.7 ጊጋ ኸርዝ ወርድ አለው፤ ከኦክስጅኑ መስመር ጋር አንድ ነው፤ ዓይንም ኮምፒውተርም አይለዩትም። ሌንስና መስኮት፣ መስኮትና ፎቶዳዮድ ብዙውን ጊዜ የሚቀመጡት በዚሁ ርቀት መሆኑ ያሳዝናል።

ስለዚህ መስኮቶቹን በሽብልቅ መልክ ከተቆረጠ መስታወት ያሠሩ፤ ሁለቱ ገጾች ትይዩ እንዳይሆኑ። ካልተገኘ ተራውን መስኮት በ56 ዲግሪ አካባቢ አዘንብለው ይለጥፉ፤ በዚህ ማዕዘን የሌዘሩ ፖላራይዜሽን (ሞገዱ የሚወዛወዝበት አቅጣጫ) በትክክል ከተቀመጠ የሚመለሰው ብርሃን ወደ ዜሮ ይጠጋል። ፎቶዳዮዱን ጥቂት ያዘንብሉት፤ ቢቻል የፊት መስታወቱን አንስተው ይጠቀሙበት። ሲሊኮን ፎቶዳዮድ ለዚህ የሞገድ ርዝመት ተመራጭ ነው፤ ሌላ አይፈልጉ።

ሞገዱ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ቱቦውን በናይትሮጅን ይሙሉ፤ ከዚያ እያንዳንዱን ክፍል በጣትዎ በቀስታ ይግፉ። ሞገዱ ከተንቀሳቀሰ ምንጩ የተገፋው ዕቃ ነው። ወርዱን ከለኩም ርቀቱን ማስላት ይችላሉ፦ የብርሃን ፍጥነት ለሁለት እጥፍ ወርዱ ሲካፈል። ይህን ሥራ አንድ ሙሉ ሳምንት ቢፈጅብዎ አይቆጩ፤ እዚህ ያልተወገደን ሞገድ በኋላ የትኛውም ሶፍትዌር አያወጣውም።

ደረጃ 5፦ የመጀመሪያው ቅኝት

ቱቦውን ከፍተው የክፍሉን አየር ያስገቡ። ከረንቱን በሦስት ማዕዘን ቅርጽ በሰከንድ ከ10 እስከ 100 ጊዜ ከፍና ዝቅ ያድርጉት፤ ፎቶዳዮዱን በኦሲሎስኮፕ ይመልከቱ። ብርሃኑ ከከረንቱ ጋር ሲወጣና ሲወርድ በተዳፋቱ ላይ ትንሽ ሰርጓዳ ይታያል። ሰርጓዳው ካልታየ የሌዘሩን ሙቀት በግማሽ ግማሽ ዲግሪ ይለውጡ።

ሰርጓዳ ሁሉ ኦክስጅን አይደለም። ሁለት ማረጋገጫ ይጠቀሙ። ናይትሮጅን ሲያስገቡ መጥፋት አለበት፤ ሙቀቱን ሁለት ዲግሪ ያህል ሲለውጡም ጥንዱ መምጣት አለበት። ሁለቱም መስመሮች በአንድ ቅኝት ውስጥ ከገቡልዎ፣ 0.11 ናኖ ሜትሩ ርቀት የከረንትዎን ዘንግ ወደ ሞገድ ርዝመት ይቀይርልዎታል።

ደረጃ 6፦ ማርገብገብና ሁለተኛው ሃርሞኒክ

በቀጥታ ቅኝት ከሺህ አንድ ድረስ ማየት አያስቸግርም። ከዚያ በታች ለመውረድ የሌዘሩን የሞገድ ርዝመት በፍጥነት ማርገብገብ ያስፈልጋል። በዝግታው ከረንት ላይ ትንሽ 5 ኪሎ ኸርዝ ሳይን ሞገድ ይጨምሩ፤ ፎቶዳዮዱን በ10 ኪሎ ኸርዝ፣ ማለትም በእጥፉ ድግግሞሽ (በሁለተኛው ሃርሞኒክ) ያዳምጡ። የሌዘሩና የኤሌክትሮኒክሱ ሁከት በዝቅተኛ ድግግሞሽ ስለሚበዛ ወደ ላይ መሸሽ ትርፍ አለው። ተዳፋቱ ይጠፋና በመስመሩ መካከል ላይ አንድ ከፍ ያለ ጫፍ፣ ግራና ቀኝ ሁለት ጉድጓዶች ይቀራሉ።

የማርገብገቡ መጠን ከመስመሩ ግማሽ ስፋት 2.2 እጥፍ ሲሆን ሲግናሉ ከፍተኛ ይሆናል። ለጅማ ይህ 3 ጊጋ ኸርዝ ያህል ነው። ከሌዘሩ ወረቀት ላይ ያነበቡትን የናኖ ሜትር በሚሊ አምፔር ቁጥር ግን እንዳለ አይመኑ፤ ድግግሞሹ ሲጨምር ይቀንሳልና። መጠኑን ቀስ በቀስ ከፍ እያደረጉ ጫፉ ማደግ የሚያቆምበትን ቦታ ይፈልጉ።

ሎክኢን አምፕሊፋየር (አንድን ድግግሞሽ ብቻ ነጥሎ የሚያጎላ መሣሪያ) ከሌለዎት የኮምፒውተር ድምፅ ካርድ ይበቃል። በሰከንድ 96,000 ናሙና የሚወስድ ካርድ ሳይኑንም ያመነጫል፣ ሲግናሉንም ይቀበላል፤ ማባዛቱንና ማጣራቱን በፓይተን ጥቂት መስመር ኮድ ይሠራል። ሁለተኛውን ሃርሞኒክ ለመጀመሪያው ማካፈልዎን አይርሱ፤ የመጀመሪያው ከሌዘሩ ጉልበት ጋር ስለሚወጣና ስለሚወርድ የመስኮት አቧራ ከስሌቱ ይሰረዛል።

ከመቶ ሺህ አንድ የሚያክል ምጠጣ መለየት ከቻሉ በአንድ ሜትር ቱቦ 0.009 በመቶ ኦክስጅን ይለያሉ። ንባቡን በማማከል ከዚያም መውረድ ይቻላል፤ እስከተወሰነ ድረስ። ቱቦውን በናይትሮጅን ሞልተው ለአንድ ሰዓት ይቅዱ፤ የአለን ቫሪያንስ (ንባቡ በየማማከያው ጊዜ ርዝመት ምን ያህል እንደሚዋዥቅ የሚያሳይ ኩርባ) ይሳሉ። ኩርባው ወርዶ የሚመለስበት ቦታ የማማከል ጥቅም የሚያበቃበት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚያዩት የነጸብራቅ መንሸራተት ነው።

«ታዲያ ለምን በቀጥታ ወደ ካቪቲ ሪንግዳውን አንሄድም?» የሚል ይኖራል። ኦኪፍና ዲከን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ስልት፣ ማለትም ብርሃን በሁለት መስተዋቶች መካከል ሲመላለስ የሚከስምበትን ፍጥነት መለካትን፣ እ.ኤ.አ. በ1988 ሲያስተዋውቁ የለኩት ራሱን የኦክስጅንን ባንዶች ነበር። 99.99 በመቶ የሚያንጸባርቁ ሁለት መስተዋቶች ግማሽ ሜትር ተራርቀው ሲቆሙ ብርሃኑ 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይመላለሳል። ነገር ግን በሜትር 2.4 በመቶ የሚያጣ ብርሃን በ5 ኪሎ ሜትር ምን ሊተርፈው? በተራ አየር ውስጥ በጠንካራው መስመር ላይ ምንም የሚለካ ነገር አይቀርም። ይህ ስልት የሚያስፈልገው በናይትሮጅን ውስጥ ያለን የሚሊዮን ጥቂት እጅ ኦክስጅን ወይም ከባዱን ኦክስጅን 18 የያዘውን ብርቅ ሞለኪውል ለሚፈልግ ነው። ለ21 በመቶ አየርም ለ1 በመቶ ናሙናም ቱቦው ይበቃል።

ደረጃ 7፦ ከስፋተ መጠን ወደ መቶኛ

በቀጥታ ቅኝቱ ላይ መነሻ መስመሩን በሦስተኛ ደረጃ ፖሊኖሚያል፣ ሰርጓዳውን በቮይት ቅርጽ (ግፊትና ሙቀት ያሰፉትን መስመር በሚገልጽ ኩርባ) ያስማሙ። ስፋተ መጠኑን ለመስመሩ ጥንካሬና ለቱቦው ርዝመት ሲያካፍሉ በኩብ ሳንቲ ሜትር ያለውን የሞለኪውል ብዛት ያገኛሉ። ሌዘሩ የሚያውቀው ይህን ብቻ ነው። ወደ መቶኛ ለመለወጥ ግፊትና ሙቀት የግድ ነው።

የግፊቱን ቁጥር ከስልክዎ የአየር ሁኔታ መተግበሪያ አይውሰዱ። እነዚህ የሚያሳዩት ወደ ባሕር ወለል ተስተካክሎ የተሰላውን ግፊት ነው፤ ጅማ ሆነው 1,015 ያህል ያነባሉ። በዚያ ቁጥር ካሰሉ የክፍልዎ አየር 17 በመቶ ኦክስጅን ብቻ እንዳለው ይወጣል፤ ከፍታ ላይ የኦክስጅን ድርሻ ይቀንሳል ብሎ የሚከራከር ሰውም ማስረጃ አገኘሁ ይላል። ድርሻው በጅማም በጅቡቲም 20.95 በመቶ ነው፤ የሚለየው ጠቅላላ ብዛቱ ነው። ፍጹም ግፊት የሚለካ ርካሽ ሴንሰር ቱቦው አጠገብ ይግጠሙ፤ ቴርሞሜትሩንም ከክፍሉ ግድግዳ ላይ ሳይሆን ከቱቦው ጋር ያስሩት።

በሁለተኛው ሃርሞኒክ ሲለኩ ግን መቶኛው በቀጥታ አይሰላም፤ በታወቀ ጋዝ ይስተካከላል። ንጹህ የውጭ አየር ከሁሉ የተሻለ፣ በነጻ የሚገኝ 20.95 በመቶ ነው። ናይትሮጅን ዜሮው ነው።

ለቡና ከረጢት ማዋል

በጅማ ይህ መሣሪያ ሥራ አያጣም። የተቆላ ቡና በከረጢት ውስጥ ኦክስጅን ካገኘ መዓዛው ቶሎ ይበላሻል፤ ስለዚህ የሚያሽግ ሰው የቀረውን ኦክስጅን ማወቅ ይፈልጋል። የአንድ ሜትሩ ቱቦ ግን ግማሽ ሊትር ጋዝ ይጠይቃል፤ ከረጢቱ ያን ያህል የለውም። 10 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና 8 ሚሊ ሜትር የውስጥ ስፋት ያለው ቱቦ ያሠሩ፤ 5 ሚሊ ሊትር ብቻ ይይዛል። ምጠጣው አሥር እጥፍ ስለሚቀንስ የሚለዩት ትንሹ መጠን 0.09 በመቶ ይሆናል፤ ለዚህ ሥራ በቂ ነው። እዚህ ላይ ሳጥኖቹን በናይትሮጅን ማጽዳቱ ከበፊቱ አሥር እጥፍ ይበልጥ ወሳኝ መሆኑን ልብ ይበሉ።

ከረጢቱ ላይ የጎማ ማኅተም ለጥፈው በመርፌ ይውጉ፤ በ60 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ቀስ ብለው ይሳቡ። የመጀመሪያውን 10 ሚሊ ሊትር ይጣሉት፤ ቀሪውን በቱቦው ውስጥ አሳልፈው ግፊቱ ከክፍሉ ጋር እስኪተካከል ይጠብቁ። የተቆላ ቡና ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተፋል፤ ይህ ጋዝ የኦክስጅንን መስመር የሚያሰፋበት መጠን ከናይትሮጅን የተለየ ነው። በናይትሮጅንና በአየር ያስተካከሉት የሁለተኛ ሃርሞኒክ ጫፍ ስለዚህ ለቡና ከረጢት በቀጥታ አይሠራም። የታወቀ ኦክስጅንን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር ቀላቅለው ሌላ የማስተካከያ ነጥብ ይውሰዱ፤ ወይም የሃርሞኒኩን ሙሉ ቅርጽ አስማምተው ስፋቱን አብረው ያውጡ።

የቡናው ዘይታማ ትነት መስኮቶቹ ላይ ስለሚቀር በየአምስት ከረጢቱ በናይትሮጅን ዜሮውን እንደገና ያንብቡ። ዜሮው ከተንቀሳቀሰ በሁለቱ ዜሮዎች መካከል የተለኩትን ከረጢቶች እንደየሰዓታቸው አከፋፍለው ያርሙ፤ መስኮቱንም በንጹህ ኢሶፕሮፓኖል ጠርገው ሲመልሱ ማዘንበሉ እንዳልተለወጠ በናይትሮጅን ቅኝት ያረጋግጡ።